አንድ እፍኝ ስንት ነው?

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ከጓደኞቼ ጋር ቅርጫ ገባን። ስምንት ሆነን አንድ በሬ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ የመጣ ሥጋ ስለሆነ ምድጃ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ ስለት ያለው ቢላ፣ እንጀራ፣ አለቀ። ከሻኛውም ከሽንጡም በላሁ። ደስ ብሎኝ ነው የበላሁት፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሽንት ቤት ውስጥ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ቁራጭ ያለ ነገር አየሁ። ይንቀሳቀሳል። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ የምሕንድስና ዲግሪ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ኮድ ውስጥ ስህተት ስፈልግ የምውል ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስለጠፋኝ ስልክ አንስቼ ደብረ ብርሃን ያሉት አያቴ ጋ ደወልኩ።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?» ብዬ ዙሪያውን ስዞር ቆየሁና በመጨረሻ ያየሁትን ነገርኳቸው።

ሳቁብኝ። «ኮሶ ነዋ ልጄ! ጥሬ በልተህ ኮሶ አላይ ብለህ ነበር እንዴ?»

ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ምክር ነበረው። «ክኒን እንዳትውጥ፣ ኬሚካል ነው። ንጹሕ የተፈጥሮ ኮሶ ጠጣ። ዲቶክስም ያደርግሃል።» ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው።

ይህን ለአያቴ ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። «ኮሶ እንዳትጠጣ» አሉኝ። «ሐኪም ቤት ሂድና የምትዋጠውን ዋጥ። ኮሶ እንዳትጠጣ።» ለምን ብላቸው አልመለሱልኝም፤ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ክኒኑን ዋጥኩ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። መንዝ ተወልደው ኮሶ ሲወቀጥ እያዩ ያደጉ ሴት ለምን ኮሶን ፈሩ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ኮሶ ራሱ ምን እንደነበረ ማወቅ ነበረብኝ።

በአማርኛ ዛፉም ኮሶ ነው፣ መድኃኒቱም ኮሶ ነው፣ ትሉም የኮሶ ትል ነው። በሽታው በመድኃኒቱ ስም ተጠራ። ሁለቱ ምን ያህል አብረው እንደኖሩ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከጥሬ ሥጋው እንጀምር። ብዙዎቻችን የሰማነው ታሪክ አለ፤ ጥሬ ሥጋ መብላት የተጀመረው በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ነው፣ ወታደሩ ጭሱ ቦታውን እንዳያሳጣው እሳት ማንደድ ስለፈራ ነው የሚል። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ችግሩ ቀኑ አይገጥምም። የሽምብራ ቁሬ ጦርነት የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1529 ነው። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ደግሞ ከ1520 እስከ 1526 በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ቆይቶ ባየው ግብር ላይ ጥሬ ሥጋ ሲበላ መዝግቧል። ሰዎቹ ጥሬ የሚበሉት ጠላት ስላሳደዳቸው አልነበረም። ሰላም ሆነው፣ ግብር ተቀምጠው፣ ስለሚጥማቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት እንግዶችም ይህንኑ ጽፈዋል። በጣም የታወቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ፤ መጽሐፉን በ1790 አሳተመ። አገሩ ሲመለስ ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረውን ብዙዎች አላመኑትም፤ ውሸታም ተባለ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የለንደን ሰው በጥሬ ሥጋው ሲከራከር፣ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ብሩስ የኮሶን ዛፍ ሥዕልና አጠቃቀሙን አስፍሮ ነበር። ሥጋውም መድኃኒቱም አንድ ሥራ ውስጥ ተቀምጠዋል። ዝናው የወጣለት ግን ሥጋው ብቻ ነው።

ብሩስ እንደጻፈው አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ እፍኝ የደረቀ የኮሶ አበባ ጠላ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ያድራል፣ ጠዋት ይጠጣል። የጠጣው ሰው ያን ቀን ከወዳጆቹ ተሰውሮ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከቤት ሳይወጣ ይውላል። ይህ በየወሩ የሚደረግ እንደነበር ይናገራል። ሌሎች ተጓዦች በየሁለት ወሩ ይላሉ። 

በየሁለት ወሩ የሚለው ላይ ቆም እንበል። የከብት ሥጋ የኮሶ ትል በሳይንስ ስሙ ቴኒያ ሳጂናታ ይባላል። በጥሬው ሥጋ ውስጥ የምትኖረው የአተር ፍሬ የምታህል ውሃ የቋጠረች ከረጢት ናት። ሰው ሲውጣት ትንሿ ራስ ከከረጢቷ ወጥታ አንጀት ላይ ትጣበቃለች፤ ከዚያ አንጓ በአንጓ ታድጋለች፤ ብዙ ሜትር ትረዝማለች። የበሰሉት አንጓዎች መውደቅ የሚጀምሩት ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቆጥሩት፤ የኔም ሒሳብ እዚያው ነው። መድኃኒት ጠጥተህ ሰንሰለቱ ወጥቶ ራሱ ከቀረ ደግሞ እንደገና ለማደግ ያንኑ ያህል ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ትሉ ጎልምሶ ከመታየቱ በፊት ነበር የሚደርስበት። ማይክሮስኮፕ ሳይኖር፣ የትሉን የሕይወት ዑደት ማንም ሳያውቅ፣ ከብዙ ትውልድ ልምድ የወጣ ቀጠሮ ይመስለኛል። እኛ ሥራ ቦታ ይህን ሜንቴናንስ እንለዋለን፤ ችግሩን ማጥፋት ካልቻልክ እንዳይገነፍል በጊዜ ታስተነፍሰዋለህ።

አውሮፓ በዚያን ጊዜ ከዚህ የተሻለ አያውቅም ነበር። ፍሪድሪኽ ኩሽንማይስተር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 የአሳማ ሥጋ ውስጥ ያለችው ከረጢት ሰው ሆድ ውስጥ ትል እንደምትሆን ያሳየው፣ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ሳያውቅ እንዲበላት አድርጎ ነው። ሩዶልፍ ሎይካርት ደግሞ በ1861 የትሉን አንጓዎች ለጥጃ አብልቶ ከረጢቶቹን ከጥጃው ሥጋ ውስጥ አገኘ። የከብት ሥጋ፣ ሰውና ሣር እንዴት እንደተያያዙ ግልጽ የሆነው ያኔ ነው።

በዚህ መሃል አውሮፓ ኮሶን ራሱን ወስዳለች። ብሩስ ዛፉን በወዳጁ በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር። ስሙ አልጸናም፤ ዛሬ በሳይንስ የሚጠራው ሀጌኒያ አቢሲኒካ ተብሎ ነው፣ ሀገን በተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ስም። በ1820ዎቹ ደግሞ ቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራየር ስለ አበባው ስለጻፈ ሌላ ስም በእሱ ተሰጠው። ሦስት ስም፣ ሦስት ፈረንጅ። ቀጠሮውን ያወጡት፣ ወንዱን አበባ ከሴቷ የለዩት፣ ቀዩ የሴቷ አበባ እንደሚሻል ያወቁት ሰዎች ስም የትም የለም። ሪቻርድ ፓንክረስት ኮሶ ወደ አውሮፓ የተጓዘበትን ታሪክ በዝርዝር ጽፎታል፤ የሕክምና ታሪክ ደረቅ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ያንን ያንብብ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገባ። እዚያ ግን እፍኝ አይሠራም። የፋርማሲ ሰው ሚዛን ይፈልጋል፤ የተለመደው መጠን 15 ግራም ገደማ ሆነ። ሚዛኑ ቢኖርም ችግሩ አላለቀም። በመርከብ የመጣ አሮጌ አበባ ኃይሉ ይደክማል። ወንዱና ሴቷ ይደባለቃሉ። 15 ግራም ዛሬ ትሉን ያወጣል፣ ነገ ከሌላ ጆንያ የተመዘነው 15 ግራም ምንም አይሠራም። ኬሚስቶቹ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለብቻው ለማውጣት የደከሙት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ ነው። አንድ ሌሊት ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚህ አገራችን የሠሩ ሐኪሞች ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎችን መርምረው በሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። ኮሶ ሲበዛ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። አንዳንዱ ሰው ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ግን ዕይታው አይመለስም።

የአያቴ ታላቅ እህት ዓይነ ስውር ነበሩ።

እኔ አላውቃቸውም፣ ከመወለዴ በፊት አርፈዋል። ቤት ውስጥ «ምች መታቸው» ሲባል ብቻ ነው የሰማሁት። ለመስከረም በዓል ደብረ ብርሃን ስሄድ ኮሶ ለምን እንደከለከሉኝ አያቴን በቀጥታ ጠየቅኳቸው። ቡናው እስኪፈላ ዝም አሉ። ከዚያ ነገሩኝ።

እህታቸው አዲስ ሙሽራ ነበረች። አያቴ የአሥራ ሦስት ወይም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። የወቀጡትም፣ የዘፈዘፉትም፣ የሰጡትም አያቴ ናቸው። እህትየዋ ጠጣች፣ ምንም አልወጣም። «እታለም ድገሚኝ አለችኝ» አሉ አያቴ። «በማግስቱ ደገምኳት። ጨመር አድርጌ።» በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ አለች። ፀሐይ ላይ ስለወጣች ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣት። አልተመለሰም።

«ስንት ነበር የሰጧት እማማ?»

«እፍኝ ነዋ።»

«በአንድ እጅ ነው በሁለት?»

«እፍኝ እፍኝ ነው ልጄ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ እጃቸውን ራሳቸው አዩት፣ ብዙ አዩት።

አዲስ አበባ ተመልሼ መርካቶ ቅመም ተራ ሄጄ የደረቀ ኮሶ ገዛሁ። ለመጠጣት አይደለም። የኩሽና ሚዛን ላይ እየዘገንኩ መዘንኩት። በአንድ እጅ፣ በሁለት እጅ፣ ጠቅጥቄ፣ ሳልጠቀጥቅ። ታናሽ እህቴም እንድትዘግን አደረግኳት። ሁሉም «እፍኝ» ነው፤ ሁለት የተመሳሰለ ቁጥር ግን አላገኘሁም። ትልቁ የትንሹን እጥፍ በደንብ ያልፋል። እሱም ክብደቱ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው መርዝ ምን ያህል እንደሆነ ሚዛኔ አይነግረኝም።

ጓደኛዬ «ተፈጥሮ» ያለው ይህንን ነው። ኮሶ ተፈጥሮ ነው፣ እውነቱን ነው። ትሉም ተፈጥሮ ነው። ኮሶ ትሉን የሚያስለቅቀው መርዝ ስለሆነ ነው፤ ጥበቡ ያለው ትሉን የሚጎዳውና ሰውየውን የማይጎዳው መጠን ላይ ነው። እንቆቆም፣ መተሬም ለዚሁ ሲውሉ የኖሩ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ከዚህ ሕግ አያመልጡም። እኔ የዋጥኩት ክኒን ኒክሎሳሚድ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባየር ላብራቶሪ ውስጥ የተገኘ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለዚህ ትል የሚሰጥ ነው። የትሉን ጉልበት ማመንጫ ያበላሻል፣ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ደግሞ ጥቂት ነው። ከኮሶ የሚለየው ኬሚካል መሆኑ አይደለም፤ ኮሶም ኬሚካል ነው። የሚለየው እያንዳንዱ ክኒን ውስጥ ያለው መጠን ያው መሆኑ ነው። ክኒን ማለት ሁሉም ሰው እጅ ላይ እኩል የሆነ እፍኝ ነው።

ይህን ስል የድሮ ሰው አላዋቂ ነበር ማለቴ አይደለም። እንዲያውም አንድ ነገር ከኛ ይሻሉ ነበር። ጥሬ ሥጋ ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር፣ ዋጋውንም በቀጠሮ ይከፍሉ ነበር። ያውም ሥጋ በየቀኑ የሚበላ ነገር አልነበረም፤ ጾሙን የሚጠብቅ ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ አይነካም፣ ድሃው ደግሞ በፍስኩም ቢሆን አያገኝም። እኛ ሐሙስ ማታም ቁርጥ ቤት እንገባለን። ሥጋውን ወርሰን የኮሶውን ቀን ጣልነው። «ባህላችን ነው» ስንል የምናስበው ግማሹን ባህል ብቻ ነው።

የእነሱ ዘዴ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። ኮሶ የጠጣ ሰው የሚወጣው ሜዳ ነው። አንድ የበሰለ አንጓ እስከ 100,000 የሚደርስ እንቁላል ይይዛል። ሜዳው ላይ ከብት ይግጣል፣ እንቁላሉን ከሣሩ ጋር ይውጣል፣ ከሥጋው ውስጥ ከረጢቷ ትሠራለች። መድኃኒቱ በየሁለት ወሩ ሰውየውን ያድናል፣ በየሁለት ወሩም ለሚቀጥለው በሬ ይዘራል። ችግሩ ለዘመናት ያልጠፋው ኮሶ ስላልሠራ አይደለም። ሽንት ቤት ስላልነበረ ነው። ዛሬም ቢሆን ክኒን ብቻውን አያጠፋውም። ቄራ ውስጥ መርማሪው ምላስ፣ መንጋጋ፣ ልብና ትከሻ ላይ ሰንጥቆ ያያል፤ ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት በሬ ግን ቢላው ካልነካው ቦታ ይዞ ሊያልፍ ይችላል። እርግጠኛ የሚያደርገው እሳት ነው፣ ሥጋው እስከ ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ። ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን ማቀዝቀዝ። ለብለብ ክትፎ ከሁለቱም የለበትም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያነበብኩትን ለአያቴ ልንገራቸው ወይስ አልንገራቸው?

ብዙ ሳምንት አሰብኩበት። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ምች ነው» የሚለው ቃል ጠብቋቸዋል። በሌላ በኩል ምች ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ እኔን ኮሶ አትጠጣ አይሉኝም ነበር። ያውቃሉ። የማያውቁት ሌላ ሰውም እንደሚያውቅ ብቻ ነው።

ለገና ስሄድ ነገርኳቸው። ሐኪሞች እንደጻፉት፣ እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ፣ በሌሎችም ላይ እንደደረሰ። አበባው ከዛፍ ዛፍ እንደሚለያይ፣ ፈረንጁም ሚዛን ይዞ እንዳልቻለው። ኮሶውን በሚዛን ስለመመዘኔም ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምች አልነበረማ» አሉ።

«አይመስለኝም እማማ።»

«እጄ ከብዶ ነው።»

አይደለም ልላቸው ፈለግሁ። ግን ጨመር አድርጌ ብለውኛል፤ ውሸት ማጽናኛ አይሆንም። «እዚያ ቤት ውስጥ ሚዛን የነበረው ሰው አልነበረም» አልኳቸው። «የትኛውም እጅ ቀሊል መሆኑን ማወቅ አይችልም ነበር።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ቆይተው «ማን ነገረን ያን ጊዜ» አሉ። ለኔ ይሁን ለእህታቸው አላውቅም። ከዚያ ተነሱና ምሳ አቀረቡ፤ ዶሮው በደንብ የበሰለ ነበር።

ዘንድሮም ፋሲካ ቅርጫ ገባሁ። ጥሬ ሥጋ ተውኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በላሁ፣ ከአምናው ያነሰ፣ ግን በላሁ። ጓደኞቼ ሲያወሩ እኔ ስልኬ ካላንደር ላይ ከሦስት ወር በኋላ የምርመራ ቀን ያዝኩ። ርዕሱን «ኮሶ» አልኩት። ከጎኔ የነበረው፣ ያው የዲቶክሱ ጓደኛዬ፣ ስክሪኑን አየና ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት፤ የአያቴን እህት ጭምር። ቢላውን አስቀምጦ ትንሽ ዝም አለና፣ «ለኔም ያዝልኝ» አለ።